ለአምስት ሳምንት ሕፃን የሚታጠብ የሽንት ጨርቅ፦ ምን ዓይነት፣ ስንት፣ እንዴት?

አዲስ እናት (ጀሞ)

ሰላም እናቶችና አባቶች። ልጄ ወንድ ነው፣ አምስት ሳምንቱ፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ። ከፓምፐርስ ወደ ሚታጠብ የሽንት ጨርቅ መቀየር አስበናል። በቀን ከ8 እስከ 10 ስለሚቀየር በወር 300 ፍሬ ይጠጋል፤ አይቻልም።

ያለንበት ሁኔታ ይኼ ነው፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ፣ ሮቶ አለን፣ ማጠቢያ ማሽን የለንም፣ በረንዳው ላይ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ክረምቱም እየገባ ነው።

ሱቅ የሚያሳዩኝ በሙሉ «ከ3 እስከ 15 ኪሎ» የሚባለውን ኪስ ያለው ዓይነት ነው። ውስጡ የሚገባው ፓድ ነጭ ወይ ደግሞ «የቀርከሃ ከሰል» የሚሉት ግራጫ ነው። ለሙከራ ሁለት ይዣለሁ፤ ሁለቱም በጭኑ በኩል ያፈሳሉ። ጥያቄዎቼ፦ የትኛው ዓይነት ለዚህ ዕድሜ ይሻላል? ስንት ያስፈልጋል? ለምን ያፈሳል? እንዴትስ ይታጠባል?

ልብስ ሰፊዋ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። የውሃውን ፈረቃ፣ የእጅ እጥበቱንና ክረምቱን ስደምረው፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ወራት ኪስ ያለውን አታብዢ። ያልተደረበ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፈሽ፣ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ብታለብሺው ይሻልሻል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያልተደረበ ጨርቅ ሲታሽ ሳሙናው ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ ሲለቀለቅ ጥርግ ብሎ ይወጣል፣ ፀሐይ ካለ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። አራት አምስት ጊዜ ተደርቦ የተሰፋ ፓድ ግን ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይቆያል፤ መጥፎው ሽታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ብዛቱ 24 ጨርቅና 5 ሽፋን ይሁን። በቀን አሥር ስትቀይሪ አሥሩ አገልግሎት ላይ፣ አሥሩ ገመድ ላይ፣ አራቱ መጠባበቂያ ናቸው። ሽፋኑ ካካ ካልነካው በየቅያሬው አይታጠብም። ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ትሰቅይዋለሽ፣ ሌላውን ታለብሺዋለሽ፣ በሚቀጥለው ቅያሬ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። በቀን ሁለት ወይ ሦስት ሽፋን ይበቃል።

ጨርቁን ከየት? ሻሽ ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። አቡጀዲም ይሆናል፤ ትንሽ ሻካራ ነው፣ እየታጠበ ይለሰልሳል። ቤት ያለ ያረጀ ነጠላ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሳሳ ያለ የጥጥ ሽመና ነው፣ ለስልሷል፣ ውሃ ይጠጣል። ጥበቡን ቆርጠሽ አውጪው፤ ክሩ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሚሆን ሽንት አይጠጣም፣ ቆዳም ይፈገፍጋል። ነጠላ ሁለት ድርብ ስለሆነ ድርቡን ፈትተሽ እያንዳንዱን ለየብቻ 70 በ70 ሴንቲሜትር ቁረጪው፣ ጠርዙን ልብስ ሰፊ ይዘምዝምልሽ። ያረጀ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ እሱን ለሌሊት ተጨማሪ ንጣፍ አስቀምጪው፣ ለቀን ማድረቁ አይገፋም።

ፎጣ ለመቁረጥ ካሰብሽ መጀመሪያ ፈትኚው። ገበያ ላይ «ጥጥ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር መዝዘሽ ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥይው። ጥጥ ከሆነ የወረቀት ጭስ እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነኩት የሚበተን ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ያለበት ቀልጦ ተኮማትሮ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። እንክብል የሠራውን አትግዢ።

አዲስ ጨርቅ እንደተገዛ አይታሰርም። አቡጀዲ ሲሸመን የተቀባው ስታርችና የጥጡ የራሱ ሰም ውሃ ያንሸራትታል። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቀቅይው፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና ሳሙና ሦስት አራት ጊዜ እጠቢው፣ በየመሃሉ አድርቂው። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ ደርሷል፤ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው። ያረጀ ነጠላ ይኼ ሁሉ አያስፈልገውም።

አስተጣጠፉ። ለልጅሽ ዕድሜ ቀላሉ ይኼ ነው፦ 70 በ70ውን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እጠፊው፤ 35 በ35 ይሆናል። ከዚያ ለሦስት ስታጥፊው ወርዱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 35፣ አሥራ ሁለት ንብብር ያለው ረጅም ንጣፍ ይወጣል። ወንድ ስለሆነ የፊቱን ጫፍ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ መልሰሽ እጠፊው፤ ሽንቱ የሚያርፈው ፊት ለፊት ነው። ለሴት ልጅ ውፍረቱ መሃል ላይ ይሁን። ንጣፉን ሽፋኑ ላይ አስቀምጠሽ ሽፋኑን ትቆልፊያለሽ፤ መርፌ ቁልፍ አያስፈልግም።

የጡት ልጅ ካካ ቀጭን ስለሆነ ይኼ አስተጣጠፍ አንዳንዴ ከጎን ያመልጠዋል። ያን ጊዜ ክንፍ ያለውን ሞክሪ። ጨርቁን አራት አድርገሽ አጥፈሽ ትንሽ አራት ማዕዘን ስታደርጊው አንዱ ጥግ ላይ አራት ክፍት ጫፎች ይሰበሰባሉ። የላይኛውን ጫፍ ብቻ ይዘሽ ወደ ተቃራኒው ጎን ሳቢው፣ ሦስት ማዕዘን ይዘረጋል። ሁሉንም ገልብጪው። አሁን ላይ የቀረውን አራት ማዕዘን ወደ መሃል ሁለት ጊዜ እጠፊው። መሃሉ ወፍራም፣ ግራና ቀኙ ክንፍ ይሆናል። ክንፎቹን ከወገቡ በላይ አምጥተሽ በመርፌ ቁልፍ ያዣቸው። መርፌውን ስትወጊ የአንቺ ሁለት ጣት በጨርቁና በሆዱ መካከል ይሁን፤ መርፌው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች አይተኛ።

ሽፋኑን በሚመለከት፣ ጥሩው ፒ.ዩ.ኤል የሚባለው ነው። ከውጭ ፖሊስተር ጨርቅ፣ ከውስጥ ስስ የፖሊዩሬቴን ሽፋን የተጣበቀበት። ውሃ አያሳልፍም፣ እንደ ተራ ፌስታል ግን ቆዳ አያፍንም። በጭኑ በኩል ሁለት ረድፍ ላስቲክ ያለውን ምረጪ፤ ለቀጭን ካካ ሁለተኛው ረድፍ ዋጋ አለው። እስከ 5 ኪሎ ትንሹን ቁጥር መግዛት ያዋጣል።

አሁን የያዝሻቸው ሁለቱ ለምን እንደሚያፈሱ። «ከ3 እስከ 15 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ ቁልፉ ይዘጋል ማለት እንጂ ጭኑን ይገጥማል ማለት አይደለም። በ4.2 ኪሎ የሕፃን ጭን ቀጭን ነው። ከፊት ያሉትን ቁመት ማሳጠሪያ ቁልፎች በሙሉ ወደ ታችኛው ረድፍ አውርጂ። ከዚያ ላስቲኩ ጭኑ መሃል ላይ ሳይሆን ብሽሽቱ ውስጥ፣ ፓንት የሚቀመጥበት እጥፋት ላይ መግባት አለበት። ሁለቱንም እግር አንሥተሽ በጣትሽ ላስቲኩን ወደ እጥፋቱ አስገቢው። ዙሪያውን ዓይተሽ የጨርቅ ጫፍ ብቅ ብሎ ከሆነ መልሺው፤ ከሽፋኑ የወጣ አንድ ሴንቲሜትር ጥጥ ሽንቱን ስቦ ወደ ልብሱ ያወጣዋል። ብዙ ሰው «ጨርቁ አይችልም» የሚለው ይቺን ጫፍ ሳያይ ነው።

ነርስ ነኝ

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። ከጤና አንጻር ጥቂት ልጨምር።

እትብቱ ገና ያልወደቀ ልጅ ያላት እናት ካነበበች፣ ሽፋኑም ጨርቁም ከእምብርት በታች ታጥፎ እትብቱ አየር ያግኝ። ከጤና ተቋም ከታዘዘ የክሎረሄክሲዲን ቅባት በስተቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ።

የጨርቁ ውፍረት ጭኖቹን ትንሽ ከፈት ማድረጉ አያስጨንቃችሁ። የሕፃን ዳሌ የሚስማማው እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ሲከፈቱ ነው። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፦ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ገጥሞ አጥብቆ መጠቅለል። ሲጠቀለል ከወገብ በላይ ይጠበቅ፣ ከወገብ በታች ግን ማወራጨት እስኪችል ይላላ።

ጨርቅ ሽንቱን ወደ ጄል አይቀይረውም፣ ስለዚህ እርጥበቱ ቆዳውን ይነካል። በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓቱ፣ ካካ ካለ ደግሞ ወዲያው ይቀየር። ጥቅምም አለው፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በደንብ የሚጠባ ሕፃን በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ በደንብ ያረጥባል፣ በጨርቅ ደግሞ መቁጠሩ ቀላል ነው። ቁጥሩ ከቀነሰ ስለ አጠባቡ ጤና ጣቢያ ማማከር ያስፈልጋል።

መቀመጫው ከቀላ ቦታውን ዓይታችሁ ለዩ። ጉብ ጉብ ያለው ቦታ፣ ቂጡና የጭኑ ላይ፣ ቀልቶ እጥፋቶቹ ውስጥ ደህና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የእርጥበትና የሳሙና ቅሪት መቆጣት ነው። ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ለብ ባለ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ገልጦ ማቆየት ይረዳል። ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ድረስ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩን ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉት ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የራሱ መድኃኒት አለው። ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት አትግዙ። ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ውሃ ወይ መግል ከቋጠረ ይታይ። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ልጅ በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው፣ መጥባት ካቆመ፣ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይወሰድ። ፓውደር አትነስንሱ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው፦ «የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ከአዋቂ ሰገራ ያላነሰ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ይይዛል። የጨርቁ ማለቅለቂያ ውሃ ሽንት ቤት ይደፋ፤ የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ ወይም ግቢ ላይ አይደፋ። ሳፋውና ባልዲው ለዚህ ብቻ ይሁን። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ከቀየሩ በኋላም ካጠቡ በኋላም።

አዲስ እናት (ጀሞ)

እግዜር ይስጥልኝ። ላስቲኩን ብሽሽቱ ውስጥ አስገብቼው በጭኑ በኩል ማፍሰሱ ቆሟል፤ ስታቀፈው ግን አሁንም ከጎን እርጥብ ይላል። ሁለተኛ፣ የታጠበው ፓድ ንጹሕ ይመስላል፣ ልክ ሲያረጥበው ግን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያወጣል። በረኪና ልዘፍዝፈው?

አባወራ (አቃቂ)

በረኪናውን ቆይ። መጀመሪያ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ።

ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል። ሌሊቱን ያደረ ጨርቅ ጠዋት ትንሽ ቢሸት ያለ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ገና ሲረጥብ ከሸተተ ግን እጥበቱ ውስጡ አልደረሰም ማለት ነው። ማይክሮፋይበር (ፓዱ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ላይ ይኼ ይብሳል፤ ክሩ በጣም ስስና ብዙ ስለሆነ ቆሻሻውንም የሳሙናውንም ቅሪት ይይዛል። «የቀርከሃ ከሰል» የሚባለውም አብዛኛው ጊዜ ላዩ ግራጫ የፖሊስተር ፍሊስ፣ ውስጡ ያው ማይክሮፋይበር ነው። ጠርዙን ገለጥ አድርገሽ እዪው።

ሲታቀፍ የሚረጥበውም ከዚሁ ነው። ማይክሮፋይበር ቶሎ ይጠጣል፣ ሲጨመቅ ግን ይመልሰዋል። ወደፊት አንቀልባ ላይ ስታዝዪውም እንዲሁ ይሆናል። ጥጥ ሲጫኑት ቶሎ አይለቅም። ፓዱን ከመጣል ይልቅ ከታች አድርጊው፣ ከላዩ የታጠፈ ጥጥ ደርቢበት። ማይክሮፋይበር ራቁቱን ቆዳ ላይ አይቀመጥም፤ እርጥበቱን ከቆዳው ስለሚመጥ ያደርቀዋል፣ ያቆጣዋል።

እጥበቱ እንዲህ ይሁን፣ ለአንድ ቀን አሥር ጨርቅና ሁለት ሽፋን፦

የቆሸሸው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይቀመጥ። ደረቅ ባልዲ ውስጥ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይቀመጥ፣ ከሁለት ቀን አይለፍ። ውሃ የሞላ ባልዲ ቤት ውስጥ ማኖር ዳዴ ለሚል ልጅም አደገኛ ነው፤ ትንሽ ውሃ ያሰምጣል። ካካ ያለበትን ብቻ ወዲያው ሽንት ቤት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ አውርጂው። ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ጨርቁ ላይ ያበስለዋል፣ ቢጫው አይለቅም።

ሲታጠብ መጀመሪያ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያለ ሳሙና ሽንቱን አስወጪ፣ ጭመቂ፣ ድፊ። ሁለተኛ በ10 ሊትር፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና ሟምቶ ጨርቁ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይታሽ። ከዚያ ሁለት ጊዜ በ10 በ10 ሊትር ይለቅለቅ። በድምሩ 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ነው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለነገው የመጀመሪያ እጥበት ካስቀመጥሽ ወደ 30 ሊትር ይወርዳል፤ ያን ባልዲ ግን ክዳኑን ግጠሚው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ማለቅለቁ የሚያልቀው አረፋ ሲጠፋ ነው፤ ጨርቁን ስትጨምቂ የሚወርደው ውሃ ያሙለጨልጫል? ገና ነው።

ሳሙና መቀነስ ሰዎች ደህና እየመሰላቸው የሚያደርጉት ነው። ያነሰ ሳሙና ሽታውን ያመጣል፣ ያልተለቀለቀ ሳሙና ደግሞ ቆዳ ያቆጣል። ሳሙናውን አትቀንሱ፣ ማለቅለቁን ጨምሩ።

የውሃው ዓይነትም ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው አንድ አይደለም። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል። የሻይ ማፍያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃሽ ጨው አለበት፣ ያን ጊዜ በደረቅ ሳሙና አትጠቢ። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ጨርቁን ይለብሰዋል፤ ጨርቁ ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ውሃ መጠጣት ያቆማል። ዱቄት ሳሙና ይሻላል።

የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይግባ። ክሩን በስስ ቅባት ስለሚለብጠው ሽንቱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ቫዝሊንም ያው ነው፤ ቅባት ከተቀባ ከላይ ስስ የፍሊስ ቁራጭ ይነጠፍ። ከርካሽ የፍሊስ ብርድ ልብስ 12 በ30 ሴንቲሜትር እየቆረጡ መጠቀም ይቻላል፤ ጠርዙ ስለማይተረተር መስፋት አያስፈልገውም።

አሁን በረኪና። አገር ውስጥ የሚሸጠው በአብዛኛው 5 በመቶ ነው። የሚገባው ለነጭ ጥጥ ብቻ፣ ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ ነው፦ 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 200 ሚሊ ሊትር፣ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። በወር አንድ ጊዜ፣ ወይም ፈንገስ ይዞት ከነበረ። ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ አይፈስም፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶም ጋር አይቀላቀልም፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ከሌለው በረንዳ ላይ ይሠራ። ሽፋኑና ላስቲኩ በረኪና አይወዱም።

ለሚሸተው ፓድሽ፦ ሳሙናውን በልኩ አድርገሽ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ተከታትለሽ እጠቢው፣ አረፋው እስኪጠፋ ለቅልቂው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውይው። ከዚያም ከሸተተ ለወለል መጥረጊያ ይሁን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ ስለ ኪስ ያለው ዓይነት ትንሽ ልከራከር። ማሽን ላለው ሰውና ልጁን ሌላ ሰው ለሚይዝለት እናት ኪስ ያለው ቀላል ነው። ጠዋት ፓዱ ተሞልቶ ይደረደራል፣ የሚይዘው ሰው እንደ ፓምፐርስ አልብሶ ይቆልፋል። ማጠፍ ማስተማር የለም። ውስጡ ያለውን ማይክሮፋይበር አውጥቶ በታጠፈ ሻሽ መተካት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የኪሱም የጥጡም ጥቅም ይገኛል። ሕፃኑ 5 ኪሎ ሲያልፍ አምስት ስድስት ቢኖርሽ አይቆጭሽም።

ለአሜሪካ እናቶች፣ ማሽኑ ላይ ሁለት እጥበት ይፈለጋል። መጀመሪያ አጭር ዙር በጥቂት ሳሙና፣ ቆሻሻው ውሃ ይውጣ። ሁለተኛ ረጅም ዙር በሙሉ ሳሙና በሙቅ ውሃ። ከበሮው ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ይሙላ፤ ባዶ ከሆነ ጨርቁ አይፋተግም፣ ከተጨናነቀ ውሃ አይዘዋወርበትም። ቬልክሮ ያለው ሽፋን ሲታጠብ ቬልክሮው ራሱ ላይ ተጣጥፎ ይያዝ፣ አለዚያ ሁሉም እርስ በርስ ተነካክሶ ይወጣል። ማድረቂያ ውስጥ የሚጣለው ለስላሳ ወረቀት ያው ማለስለሻ ነው፣ አይግባ። ሽፋኑ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ወይም ተሰቅሎ ይድረቅ።

አዲስ አበባ ላለች አራስ ስጦታ የምትልኩ፣ ሻንጣችሁን በወፍራም ፓድ አትሙሉ። ትንሽ ቁጥር ሽፋን፣ ስስ ሻሽ፣ ከመርፌ ቁልፍ ይልቅ ደግሞ ስናፒ የሚባለውን ሦስት ጥርስ ያለው ላስቲክ መያዣ ላኩ። የሰው ያገለገለ ከሆነ ሽፋኑን ወደ መብራት አንሥታችሁ እዩት፣ ቀዳዳ ከሆነ ይታያል። ላስቲኩን ሳቡት፤ ከተንጣጣ ወይም ሳይመለስ ከቀረ ደክሟል። ውስጡ ፊኛ ፊኛ ካለ ስሱ ሽፋን ከጨርቁ ተላቋል፣ አይጠገንም።

አዲስ እናት (ጀሞ)

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ነጠላና ሻሽ ለማስቆረጥ ወስኛለሁ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፦ ሌሊቱንና ክረምቱን እንዴት ላድርግ? ደግሞስ በአንድ ጊዜ ልቀይር ወይስ ቀስ በቀስ?

ልብስ ሰፊዋ

ቀስ በቀስ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ ስትሆኚ፣ በቀን ብቻ። ሌሊትና ስትወጪ ፓምፐርስ ይሁን። አስተጣጠፉ እጅሽ ሲገባና ሁለት ሦስት ቀን ሳያፈስ ሲቆይ ሌሊቱን ጨምሪ። እንዲህ ስታደርጊ 12 ጨርቅና 3 ሽፋን ይዘሽ መጀመር ትችያለሽ፤ ሽፋኑ ካልገጠመው ሌላ ዓይነት ትሞክሪያለሽ፣ ሁሉንም ገዝተሽ አትቆጪም።

ለሌሊት ሁለት ጨርቅ አንድ ላይ አታጥፊለት፣ ጭኑ መሃል ይወፍርና ላስቲኩን ከብሽሽቱ ያስወጣዋል። አንዱን ክንፍ ባለው አስተጣጠፍ አልብሺው፣ ከጋቢው 10 በ30 የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጡ አስቀምጪ፣ ለወንድ ወደ ፊት ጠጋ ይበል። ብልቱ ወደ ታች መዞሩን እዪ፤ ወደ ላይ ከዞረ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን በሆዱ በኩል ይወጣል። በዚህ ዕድሜ ለመጥባት ስለሚነቃ በዚያው ትቀይሪዋለሽ። ከላይ የሚለብሰው ሱሪ ጠባብ አይሁን፣ ይጨምቀዋል።

ክረምት ላይ የውሃው ቀን ዝናብ ሊሆን ስለሚችል 24ቱን ወደ 30 ከፍ አድርጊው። የምታሰጪው ከበረንዳው ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ በጨርቁና በጨርቁ መካከል አንድ እጅ ያህል ክፍተት ትተሽ ነው። ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ አድርገሽ ገመዱ ላይ አታጥፊው፤ በአንድ ጫፉ በመቆንጠጫ አንጠልጥይው፣ በፍጥነት ይደርቃል። ከማስጣትሽ በፊት በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ብትረግጪው ብዙውን ውሃ ያወጣዋል። ትንሽ እርጥበት የቀረውን በጋለ ካውያ ተኩሺው፤ ጥጡ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል። በሞቃትና እርጥበታማ አገር ያላችሁም ውጭ ያደረ ጨርቅ ሳይተኮስ አታልብሱ፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ እንቁላል የሚጥልና ትሉ ቆዳ ውስጥ የሚገባ የዝንብ ዓይነት አለ። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥላችሁ በላዩ አታድርቁ፤ ጭሱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ መርዛማው ጋዝ ደግሞ ከሕፃን ጋር አይቀለድበትም።

ሽፋኑ ካውያም ፍላትም አይነካው። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰቀል። ቢጫ እድፍ የቀረበትን ነጭ ጨርቅ ግን ፀሐይ ብልጭ ያለ ቀን እርጥቡን አውጪው፣ ያደበዝዘዋል።

ሽፋን ልብስ ሰፊ ዘንድ ልታሰፊ ካሰብሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ክሩ የፖሊስተር እንጂ የጥጥ አይሁን፣ የጥጥ ክር ሽንቱን ስቦ በስፌቱ ያወጣዋል። መርፌው ቀጭን፣ ቁጥር 11፣ ስፌቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ይራራቅ። ሲሰፉ መያዣ መርፌ ጠርዙ ላይ ብቻ ይሰኩ፤ መሃሉ ላይ የተሰካ እያንዳንዱ መርፌ የሚያፈስ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።